ሽቦው የላላ ዕለት

ታዴዬ፣

ከተለያየን ዛሬ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሞላን። አንተ ያለህበት ቦታ ሰላም እንደሆነ ቄሱ ነግረውኛል፣ እኔም አምኜ ተቀምጫለሁ። የእኔን ከጠየቅህ ግን ደህና አይደለሁም። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ቤቱ ጠቦኛል፣ አንተ ትተህብኝ የሄድከው ነገር ደግሞ ከሁለቱም ብሶ መፈናፈኛ አሳጥቶኛል። እንዲህ በግልጽ ስለምነግርህ አትቀየመኝ። በሕይወት ሳለህ «ምን ሆነሻል?» ብለህ ሦስት ጊዜ ካልጠየቅኸኝ አልናገርም ነበር። አሁን የሚጠይቀኝ ስለሌለ ሳልጠየቅ ልናገር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሊፍቱ ከተበላሸ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። አስተዳዳሪው «በቅርቡ ይሠራል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ሄደ፤ ወረቀቱ ሲያረጅ ሌላ ወረቀት ደረበበት። በዚህ ጉልበቴ ሦስተኛ ፎቅ በቀን አንዴ ወርጄ አንዴ ከወጣሁ ሁለተኛውን አልደፍረውም። ስለዚህ ወይ ሥራ እሄዳለሁ ወይ ገበያ፣ ሁለቱ በአንድ ቀን አይሆኑም። በመኝታ ቤታችን መስኮት የምናያት ቁራጭ ሰማይም ተወስዳለች። ከጀርባችን የነበረውን ቤት አፍርሰው አምስት ፎቅ አቆሙበት፣ አሁን መጋረጃ ስገልጥ የማየው ግድግዳ ነው። ልጃችን ሰላም በሳምንት ሁለት ቀን ከሆስፒታሉ ሥራዋ ስትወጣ ትመጣለች። «ማሚ፣ ይሄን አፓርትመንት ልቀቂና እኔ ጋ ሙቭ አድርጊ፣ ፕሊስ» ትለኛለች። ልጅ ጋ ሲኖሩ ደግሞ በልጅ ሰዓት መተኛት፣ በልጅ ሰዓት መነሳት ነው ብዬ እምቢ እላለሁ። ልብሶችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታልኛለች። የኩሽና ሽርጥህን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ስንት ጊዜ ታጥቦ ዛሬም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ሊፍት ልጽፍልህ አይደለም። ስለ መርከባችሁ ነው።

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስለዚያች መርከብ የነገርከኝ ቢጠራቀም አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም። አሁን ስለ እሷ ጽፈህ የተውካቸውን ሦስት ደብተሮች ከዳር እስከ ዳር አንብቤአቸዋለሁ። ምን ያህል እንደማውቅብህ እንድታውቅ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ሆላንድ አገር የተሠራች፣ የመጀመሪያ ዕድሜዋን እዚያው የጨረሰች፣ አሮጌ ሆና ለእኛ ባሕር ኃይል የደረሰች መርከብ ናት። ሥራዋ ፈንጂ መጥረግ ነው፤ ሌሎቹ መርከቦች ወደብ ከመግባታቸውና ከመውጣታቸው በፊት ቀድማ ትሄዳለች። ብረት ሲቀርበው የሚፈነዳ ፈንጂ ስላለ አካሏ በሙሉ እንጨት ነው፣ ምስማሯ ሳይቀር ነሐስ። ስምም ቁጥርም ነበራት፣ እናንተ ግን «እንጨቷ» ነበር የምትሏት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ፈንጂ እንኳ አላጋጠማትም። ዕጩ መኮንኖች ይማሩባታል፣ በበዓል ቀን ተውባ ትሰለፋለች፣ በቀረው ጊዜ ለዳህላክ ደሴቶች ውሃና ዱቄት ታመላልሳለች። አንድ ጊዜ ፍየሎች ጭናችሁ ፍየሎቹ ገመዱን በሉት ብለህ ጽፈሃል፤ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤት ሰማኝ። ሌላ ጊዜ አንዲት የደሴቱ ሴት ምጥ ይዟት ወደ ምጽዋ ስትወስዷት መርከቧ ላይ ወለደች። ሁላችሁም ፊታችሁን አዙራችሁ ስትቆሙ ሕፃኑን ተቀብሎ በሸራ የጠቀለለው ኃይሉ ነው። ኃይሉ የእንጨቷን ጉዞ በካርታ ላይ የሚያሰምረው፣ ተጠርጎ ያለቀውን መስመር ለማሳየት ባንዲራ ያለው ተንሳፋፊ ምልክት ውሃው ላይ የሚተክለው ጓደኛህ ነው። ቅርብ ጓደኛህ እንደነበር ከደብተሩ ነው ያወቅሁት።

እኔም አንድ ቀን ረግጫታለሁ፤ እሱን ረስተህ ሳትጽፈው ቀርተሃል። ከተጋባን በአራተኛው ወር ምጽዋ መጥቼ፣ መሰላሏን ከመውጣቴ በፊት «ፈንጂው የፀጉርሽን ሹካ ይሰማል» ብለህ በቁም ነገር ፊት ነገርከኝ። እኔ ሞኟ ሹካዎቼን አንድ በአንድ ነቅዬ መዳፍህ ላይ ቆጥሬ አስረከብኩህ። ፀጉሬ በንፋሱ ተበትኖ ስወጣ መርከበኛው ሁሉ ሳቀ። አዛዡ እንኳ ፊታቸውን አዞሩ። ሳምንቱን ሙሉ አላናገርኩህም፣ አንተም ሳምንቱን ሙሉ ሳቅህ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ ባሕሩ ወረደ። ፈንጂ ውሃ ውስጥ በገመድ እንደታሰረ ይቆማል፣ ከላይ አይታይም። እንጨቷ ከኋላዋ ረጅም የሽቦ ገመድ በጎን በኩል ትጎትታለች። ሽቦው ላይ መቁረጫ አለ፣ የፈንጂውን ማሰሪያ ይቆርጠዋል፣ ፈንጂው ብቅ ሲል በጠመንጃ ይመታል። አንድ መስመር ሄዳችሁ ስትመለሱ የመጀመሪያውን መስመር ግማሹን ደግማችሁ ትሄዱበታላችሁ፣ ምንም እንዳይቀር። አንተ ሥራህ የሽቦው ማጠንጠኛ ዘንድ ነበር። ሽቦው ሲወጠር በእጅህ ታውቀዋለህ፣ ሲላላም በእጅህ ታውቀዋለህ። የላላ ሽቦ ማሰሪያውን ሳይቆርጥ ያልፋል። ከላይ አዛዡ በስልክ «ሽቦው እንዴት ነው?» ይላሉ፣ አንተ ትመልሳለህ። ብዙ መርከብ በአንተ መልስ ላይ ተማምኖ ገብቶ ወጥቷል። ይህንን ሳነብ ኮራሁብህ፣ እውነቴን ነው። እኔ ባሌ በዚያ ሁሉ ዓመት የሚፈራ ሥራ ይሠራ እንደነበር እንጂ እንደዚህ የሚታመን ሰው እንደነበር አላውቅም ነበር።

የኋላውን አውቀዋለሁ። አገር ሲገለባበጥ እንጨቷ ሰው ጭና ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ደረሰች፣ እዚያም ቆማ ቀረች። እናንተ ወደ ስደተኛ ካምፕ ገባችሁ። ካምፑ ውስጥ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ወታደር ነበርኩ ያለ አሜሪካ አይገባም» ብሎ አስወራ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንቱ ባሕረኛ አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ ዓሣ አጥማጅ ሆነ! አንተ ተራህ ሲደርስ ከፊትህ የነበሩት ሦስቱም ዓሣ አጥማጅ ስላሉ አራተኛ መሆን አፍረህ «የንግድ መርከብ ወጥ ቤት» ብለህ አስመዘገብክ። እንቁላል ጠብሰህ የማታውቅ ሰው!

ሎስ አንጀለስ ስትደርስ ወረቀትህን ያዩት የስደተኛ ድርጅት ሰዎች ደስ ብሏቸው ፌርፋክስ ላይ ካለ የሀበሻ ምግብ ቤት ኩሽና አስገቡህ። እኔ አዲስ አበባ ሰላምን ይዤ ስልክህን ስጠብቅ፣ ደውለህ «ናፍቄሻለሁ» ከማለትህ በፊት «ሽንኩርቱ መቼ ነው ዘይት የሚገባበት?» አልከኝ። ምስር ወጥ በስልክ አስተማርኩህ። እያንዳንዱን ቃል እንደ ወታደር ትእዛዝ ደግመህ ታነብልኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ በቤተሰብ ጥሪ ስንመጣ ከእኔ የተሻልክ ባለሙያ ሆነህ ጠበቅኸን። ሰው «ታደሰ እጁ ይጣፍጣል» ሲል እኔና አንተ እንተያያለን። ለወረቀት ብለህ የተናገርከው ሥራ ዕድሜህን በላው። እኔም፣ ልጃችንም እዚህ አገር የገባነው በዚያው ወረቀት ነውና ቤታችን ውስጥ የባሕር ወሬ ቀረ። ሰላም አባቷ ባሕረኛ እንደነበር ያወቀችው ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአንተ አልወጣም። ወለል ስትጠርግ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀጥ ያለ መስመር ይዘህ ትሄዳለህ፣ ስትመለስ ያለፍክበትን ግማሹን ደግመህ ትነካለህ። የጸዳውን እንደገና ታጸዳለህ፣ ከዚያ ቆመህ ታይና ሦስተኛ ትጀምራለህ። «ታዴ፣ እዚህ ፈንጂ የለም» እያልኩ ስቀልድብህ አንተ አትስቅም ነበር። ተኮሳትረህ መጥረጊያውን ታጥበዋለህ። አሁን ሳስበው ቀልዴ ያሳፍረኛል።

ኃይሉንም እዚሁ አገኘኸው። ሳንታ ሞኒካ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ ሚድ ሲቲ ብቻውን ይኖራል፣ ሚስት የለው ልጅ የለው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ የምትሠራበት ምግብ ቤት ለምሳ ይመጣና በሩ አጠገብ ያለችው ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የእንጨቷ ሰዎች ትልቁን ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ ማንም አይጠራውም፣ እሱም አይጠጋም። ለምን ብዬ ስጠይቅህ «በጦርነቱ ጊዜ ጥፋት ነበረበት» አልከኝና ወሬውን ዘጋህ። የእሱን ሳህን ሌላ ሰው እንዲያወጣ አትፈቅድም ነበር። ራስህ ታወጣለህ፣ ከሌላው ታበዛለታለህ፣ ከዚያ በአስተናጋጇ ልጅ እጅ ትልክለታለህ። «ወጥተህ ሰላም ብትለው ምን አለበት?» ስልህ «ምድጃው ላይ ሥራ አለኝ» ትለኛለህ። በኩሽናው መስኮት ራስህን ትነቀንቅለታለህ፣ እሱም ይነቀንቅልሃል። እኔ አዝነህለት ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻው ወር ሆስፒታል ሆነህ ሁለተኛውን ደብተር አምጪልኝ አልከኝ። አመጣሁልህ። እጅህ እየተንቀጠቀጠ ግማሽ ቀን ጻፍክ፤ እኔ ፊደል የምታርም መስሎኝ ሾርባህን ይዤ ጎንህ ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አጠገብህ ነበርኩ እኮ።

በአርባህ ጋሼ መኮንን መጡ። የእንጨቷ ምክትል አዛዥ የነበሩት፣ አሁን ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ልጃቸው ቤት የሚኖሩት። የቀራችሁት ሰዎች ተሰባስባችሁ የመርከቧን የአገልግሎት ታሪክ ልታሳትሙ እንደነበረ፣ አንተም የመርከቧን መዝገብ ከማንም አብልጠህ እንደምታስታውስ ነገሩኝ። «ስሙን አንጽፍም፤ ብዙዎቻችን በወረቀት ሌላ ሰው ነን። ‹አንድ ባሕረኛ› ብለን እናልፈዋለን» አሉኝ። ደብተሮቹን በሳምንቱ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። ከመስጠቴ በፊት አንዴ ላንብባቸው ብዬ ከቁምሳጥኑ ላይ አወረድኳቸው።

ያን ገጽ አገኘሁት። ጽሑፉ ከሌላው ተለይቶ ጎብጧል። ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ያን ዕለት በመጨረሻው ምልልስ ሽቦው ላልቶ ነበር። እጄ ላይ ተሰምቶኛል። ማዕበሉ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደክሞን ነበር፣ ሊመሽ ነበር። ከላይ ሲጠይቁኝ ደህና ነው አልኩ። መስመሩ አልተጠረገም። ኃይሉ ባንዲራውን የተከለው በቦታው ነው። ኃይሉ ጥፋት የለበትም።»

በማግሥቱ ጠዋት በዚያ መስመር የወጣችው ጀልባ ፈንጂ መትቷት ከነሰዎቿ እንደጠፋች ከዚያ በፊት በነበረው ገጽ ጽፈሃል። ምርመራ ተደረገ። ባንዲራው ከመስመሩ ወጥቶ ተተክሏል ተባለ፣ ኃይሉ ታሰረ፣ ማዕረጉን ተገፈፈ። አልተከራከረም። በችኮላ ስለተከለው ራሱም ተጠራጥሮ ነበር። አንተ ያኔ ወጣት ነበርክ፣ ፈራህ፣ ይህ ይገባኛል። ከዚያ የመን ደረስክ፤ የመን ደግሞ ጭራሽ ባሕረኛ አልነበርኩም አልክ። መርከቧ ላይ ያልነበረ ሰው ስለ ሽቦው ምን ብሎ ይመሰክራል? አንዱ ውሸት ሌላውን ቆልፎበት ተቀመጠ፣ ቁልፉን ደግሞ ለእኔ ትተህ ሄድክ። ተቆጥቼብሃለሁ፣ ታዴ። አልዋሽህም፣ ሽርጥህን አንስቼ ግድግዳው ላይ ወርውሬዋለሁ። ከዚያ ሄጄ አነሳሁት።

አሁን የኔን ጥፋት ስማ። ገጹን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁትና ደብተሮቹን ለጋሼ መኮንን ሰጠኋቸው። ስምህን ፈራሁልህ። አርባህ ወጥቶ ሳያበቃ ሰው «ታደሰ እንዲህ ነበር» እንዲል አልፈለግሁም። ለራሴም ፈራሁ። ገጹ ኃይሉን የሚያድነው ሽቦው ዘንድ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ስሙ ሲጻፍ ነው፤ ስምህ ከተጻፈ ደግሞ የወረቀታችን ነገር ይነሳል። ገጹን አጣጥፌ ከመድኃኒት ማዘዣዎችህ መሐል አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ያለ ይመስለኛል፣ እኔና ወረቀቱ። ሥራ ስሄድ በር ቆልፌ ተመልሼ እፈትሻለሁ። ሰላም ልታጸዳልኝ መሳቢያ ስትከፍት እጮህባታለሁ። «ማሚ፣ ኦኬ ነሽ? ዶክተር እንዲያይሽ ላድርግ?» አለችኝ።

በክረምቱ ጋሼ መኮንን ረቂቁ አልቋል ብለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ጠሩን። የጀልባዋ ታሪክ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። ኃይሉ በስሙ ተጽፏል፣ ባንዲራውን በስህተት ተከለ ተብሎ። ፈቃዱን ጠይቀውት እንደሆነ አንዱ ጠየቀ። ጋሼ መኮንን አንዲት ወረቀት አወጡ። ኃይሉ በእጁ «እውነት ነው፣ ጻፉት» ብሎ ፈርሞባታል። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ እኔ ጋ ደረሰች። ያዝኳት፣ አየኋት፣ ለሚቀጥለው ሰው አሳለፍኳት። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ላይ የማላውቃት ሴትዮ መሐረብ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት ዝም አልኩ። ልናገር ስል አንተን አያለሁ፣ ዝም ልል ስል ፊርማውን አያለሁ። ለማን ልንገር? ቄሱ ጋ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜም ስለ ጉልበቴ አውርቼ ተመለስኩ።

በሙት ዓመትህ ኃይሉ ሳይጠራ መጣ። ወንበር ሲደረድር፣ ውሃ ሲያድል፣ ሽማግሌዎቹን ደረጃ ሲደግፍ ዋለ። ሰው ሁሉ ስለ አንተ አንድ አንድ ነገር ሲናገር እሱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ «ከእንጨቷ ሰዎች ሁሉ አንድ ቀን እንኳ በዚያ ነገር ፊቱን ያላጠቆረብኝ ታደሰ ብቻ ነው» አለ። «ሳህኔን ሞልቶ ይልክልኛል። ያ ለኔ ብዙ ነው» አለ። ታዴዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ተነሳሁ። ሰዎቹ ባሏን አስታውሳ ነው ብለው ደገፉኝ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር። ገጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ደረጃውን ወረድኩ፣ ሥራ ቀርቼ የፒኮን አውቶቡስ ይዤ ሳንታ ሞኒካ ሄድኩ። ኃይሉ የሚሠራው መኪና ማቆሚያው መውጫ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሲያየኝ ደንግጦ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሳልቀመጥ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ገጹን ሰጠሁት።

አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበው። አንድ መኪና መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋ እጁን ዘርግቶ ማገጃውን አነሳለት፣ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። ከዚያ «ሶ፣ ባንዲራው በቦታው ነበር» አለ። ለኔ አልነበረም የተናገረው። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ስድቡንም ፈልጌው ነበር። አንተን ቢረግምህ እንኳ ቆሜ ልሰማለት ነበር የሄድኩት።

እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እትዬ አልማዝ፣ ታደሰ ቤት ውስጥ ስሜን ያነሳ ነበር? ሊነግረኝ አስቦ ያውቃል?»

አላነሳህም፣ ታዴ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላነሳህም። አስበህ እንደሆነም አላውቅም። ሰውየው ግን ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነበር፤ ወጣትነቱን ሙሉ ሌላ ሰው ወስዶበት፣ የሚጠይቀው ይህችን ብቻ ነው። «አዎ» አልኩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲገባ፣ ዛሬም ሳልነግረው ቀረሁ እያለ ይቆጭ ነበር» አልኩት። ምላሴ ላይ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ኃይሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ገጹን ለጋሼ መኮንን ወስጄ አስነበብኳቸው። ከዚያ «ስሙን እንጻፈው ወይስ አንድ ባሕረኛ እንበለው?» አሉኝ። በስሙ ይጻፍ አልኩ። ኃይሉ በስሙ ከተጻፈ አንተም በስምህ ትጻፋለህ። ሰላም ስትሰማ «ማሚ፣ ያንቺ ፔፐር የቆመው በዳዲ ፔፐር ላይ ነው እኮ! ሎየር ሳናናግር ለምን ፕሪንት ታደርጋላችሁ?» ብላ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ አብራኝ አለቀሰች። ጠበቃው ጠብቂ አለኝ። እጠብቃለሁ። የኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ እያልኩ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ እስካሁን የመብራትና የውሃ ሂሳብ ብቻ ነው የመጣው። መጽሐፉ ታትሟል። ትልቁ ጠረጴዛ ኃይሉን ይቅርታ ብሎ ጠርቶታል። አልሄደም።

ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ሐሙስ የዕረፍት ቀኑ ነው። ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሦስቱን ፎቅ ወጥቶ በሬን ያንኳኳል። ሻይ እቀዳለታለሁ። ስለ አየር ጠባዩ፣ ስለ ጉልበቴ ትንሽ ያወራል፤ ከዚያ «ሌላስ ምን ይል ነበር?» ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ። ሕፃኑን በሸራ ስለመጠቅለሉ የጻፍከውን ነገርኩት፤ ያ እውነት ነው። እሱ ሲያልቅ የራሴን ጨመርኩ። በሕልምህ ስሙን ትጠራ ነበር አልኩት። ሳህኑን ስታወጣ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር አልኩት። አንድ ቅዳሜ ሽርጥህን ፈትተህ እስከ ጠረጴዛው ግማሽ ድረስ ሄደህ ተመለስክ አልኩት። በዚህኛው ላይ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «አይቼዋለሁ መሰለኝ» አለኝ።

እውነቱን ብነግረው ያችኑ ያገኛትን ልወስድበት ነው። ካልነገርኩት ደግሞ አንተ በእኔ ዘንድ የኖርከውን ኑሮ እኔ በእሱ ዘንድ ልኖረው ነው። በየትኛውም ብዞር መውጫ የለኝም። ዝም ማለት እንዴት ሰውን እንደሚይዝ አሁን ገባኝ፤ በአንተ ላይ የነበረኝ ቁጣ ግማሹ የወጣልኝም ከዚህ ወዲህ ነው። ግማሹ ግን እንዳለ ነው፣ ስንገናኝ እጨርስልሃለሁ።

የኔ ጌታ፣ አልረሳህም። በስልክ ሽንኩርት ስታበስል የነበርከውን፣ በፀጉር ሹካዬ የሳቅኸውን፣ ሽቦው ሲላላ ደህና ነው ያልከውን፣ አንዱንም ከሌላው አልለይም፣ ሁሉም ባሌ ነህ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ኃይሉ ይመጣል። አይዞህ፣ ያላልከውንም አስታውስልሃለሁ።

አልማዝህ